የእልፍኝ አስከልካይና የግርጌ ሰረዝ

ከአንኮበር ግቢ ሥርዓት እስከ ፓይተን ቋንቋ፥ ስለ መከለል የቀረበ አጭር ታሪክ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ

የሰው ልጅ በማኅበር መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ውስጥና ውጭ የሚባሉትን ሁለት ነገሮች እየለየ ኖሯል። ቤት ሲሠራ በር ያበጅለታል፤ ግቢ ሲያቀና አጥር ያጥርለታል፤ መንግሥት ሲያቆም ደግሞ ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፥ ማንስ ከየት ላይ እንደሚቆም ሥርዓት ያወጣል። አጥር የሚታጠረው እንግዳን ስለ መጥላት አይደለም፤ በውስጥ ያለው ሥራውን በጸጥታ እንዲሠራ፥ በውጭ ያለውም ጉዳዩን በታወቀ በር አቅርቦ እንዲፈጸምለት ነው።

ይኸው የጥንት ጥያቄ በዘመናችን በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ገና ተነሥቷል። ዛሬ የተማሪ ውጤት፥ የበሽተኛ ካርድ፥ የባንክ ሒሳብና የልደት መዝገብ በኮምፒውተር ይጻፋሉ። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ፕሮግራሞች በሺሕ በሚቈጠሩ መስመሮች የተጻፉና በብዙ ሰዎች እጅ የሚያልፉ ሥራዎች ናቸው። ታዲያ አንዱ የፕሮግራም ክፍል ወደ ሌላው ክፍል እንደ ልቡ እየገባ ያገኘውን ቍጥር ቢለውጥ፥ ስሕተቱ በሰው ኑሮ ላይ ይደርሳል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ማን እንደ ለወጠው አለመታወቁ ነው።

ይህን ችግር ለመከላከል የተገኘው መላ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኢንካፕሱሌሽን ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «መከለል» እንለዋለን። የምናወሳውም ይህ አሳብ ከየት እንደ ተነሣ፥ በተለይም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ምን መልክ እንደ ያዘ ነው። ፓይተን ከብዙዎቹ ቋንቋዎች የተለየ መንገድ መርጧል፤ በሩን በቍልፍ አልዘጋም፤ ምልክት ብቻ አደረገበት። ይህ አመራረጥ ሞኝነት ነው ወይስ ጥበብ? መልሱን ከታሪኩ እንመርምር። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የአንኮበር ግቢ ሥርዓት

ነገሩን ከአገራችን ከሰሜን ሸዋ እንጀምር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 ድረስ ሸዋን ሲገዙ ዋና መቀመጫቸው አንኮበር ነበረ። ግቢው በኮረብታ ጫፍ ላይ የተሠራ፥ በተደራረበ የእንጨት አጥር የተከበበ ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ወደ ሸዋ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር 16 ቀንም ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ የሩቅ እንግዳም ሆነ የአገሬው ባለጉዳይ ተነሥቶ ሰተት ብሎ ወደ ንጉሡ ፊት አይገባም ነበር። ባልደራባ ይሰጠው ነበር። ባልደራባ ማለት የእንግዳውን ጉዳይ ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያደርስ፥ መልሱንም ይዞ የሚመለስ ሰው ነው። በቤተ መንግሥታችን የነበሩት ሌሎቹ ማዕርጎችም ይህንኑ አሳብ ይናገራሉ። አጋፋሪ እንግዳ ያስገባል፥ ሥርዓትም ያስከብራል። እልፍኝ አስከልካይ የሚለው ስም ራሱ ሥራውን ይገልጣል፤ ያልተፈቀደለት ሰው ወደ እልፍኝ እንዳይገባ የሚከለክል ነው። አፈ ንጉሥም ስሙ እንደሚያመለክተው ስለ ንጉሡ የሚናገር አፍ ነበር።

ከዚህ ሥርዓት ሦስት ጥቅሞች ይገኙ ነበር። አንደኛው፥ ባለጉዳዩ የግቢውን ውስጥ ማወቅ አያስፈልገውም። ግምጃ ቤቱ በየት በኩል እንደ ሆነ፥ ንጉሡ በየትኛው ሰዓት ችሎት እንደሚቀመጡ ባያውቅም ጉዳዩ ይፈጸምለታል። ሁለተኛው፥ ውስጡ ቢለዋወጥ የውጩ ሰው አይናወጥም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዓመቱን ሙሉ በአንኮበር አይቀመጡም ነበር፤ አንጎለላና ደብረ ብርሃንም መቀመጫዎቻቸው ነበሩ። ግቢው ከደጋ ወደ ደጋ ሲዛወር አዳራሹ ሌላ፥ በሩም ሌላ ይሆናል፤ ባለጉዳዩ ግን የሚያውቀው ባልደራባውን ስለ ሆነ በዚያው በባልደራባው በኩል ይቀርባል። ሦስተኛው፥ ነገር ቢበላሽ ተጠያቂው የታወቀ ነው። መልእክቱን ማን ተቀበለ፥ ማንስ አደረሰ ቢባል መልስ የሚሰጥ ሰው አለ።

እነዚህን ሦስት ነገሮች አንባቢ በልቡ ይያዝልን። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ የፕሮግራም ሊቃውንት በሌላ አገርና በሌላ ሥራ ላይ ሆነው የደረሱባቸው እነዚሁ ናቸውና።

አጥሩ ወደ ፕሮግራም እንዴት ገባ

በመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ዓመታት ፕሮግራም ማለት ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ዝርዝር ነበረ። መረጃው በአንድ በኩል፥ ትእዛዙም በሌላ በኩል ይቀመጥ ነበር፤ የፈለገው ትእዛዝ የፈለገውን መረጃ ይለውጣል። ፕሮግራሙ አጭር ሲሆን ይህ ችግር አልነበረውም። እየረዘመ በሄደ ጊዜ ግን አጥር እንደሌለው ማሳ ሆነ፤ ከብቱ ሁሉ ይገባበታል፥ ማን እንዳበላሸውም አይታወቅም።

በ1960ዎቹ ዓመታት በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሲሙላ የሚባል ቋንቋ አወጡ። የእነርሱ ዓላማ በዓለም ያለውን ነገር፥ ለምሳሌ ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን፥ በኮምፒውተር አስመስሎ ማሳየት ነበር። በ1967 ባወጡት ሲሙላ 67 በተባለው ቋንቋቸው መረጃውንና በመረጃው ላይ የሚሠሩትን ተግባሮች በአንድ ላይ አሰሩአቸው። እንዲህ ተጣምሮ የተሠራው ነገር ኦብጀክት ይባላል፤ ኦብጀክቶች የሚወጡበት ንድፍ ክላስ ይባላል፤ ኦብጀክቱ የያዘው እያንዳንዱ መረጃ ደግሞ አትሪቡት ይባላል። አትሪቡትን «ባሕርይ» ብንለው ያስኬዳል። ለዚህ ሥራቸው ሁለቱ ሰዎች በኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ የሚባለውን የቱሪንግን ሽልማት ለ2001 ተቀብለዋል።

በ1972 ዴቪድ ፓርናስ የተባለ ሊቅ አሳቡን ይበልጥ ያጠራ ጽሑፍ አወጣ። ጥያቄው «ትልቅን ፕሮግራም በምን እየለየን እንከፋፍለው?» የሚል ነበር። ብዙዎች የሚከፋፍሉት በሥራው ቅደም ተከተል ነበር፤ መጀመሪያ ይነበባል፥ ቀጥሎ ይደረደራል፥ በመጨረሻ ይታተማል እያሉ። ፓርናስ ግን ነገ ሊለወጥ የሚችለውን ውሳኔ ሁሉ በየራሱ ክፍል ውስጥ ሰውሩት አለ። አንድ ክፍል አንድ ምስጢር ይያዝ፤ ሌሎቹ ክፍሎች ያንን ምስጢር ሳያውቁ በበሩ ብቻ ይጠቀሙ ማለቱ ነው። አንባቢ ልብ ቢል፥ ይህ ከላይ ሁለተኛ ብለን የቈጠርነው የአንኮበር ጥቅም ነው። ግቢው ቢዛወር ባልደራባው ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቋንቋዎች አጥሩን እያጠበቁ ሄዱ። በ1970ዎቹ አለን ኬይና ጓደኞቹ በአሜሪካ ባወጡት ስሞልቶክ በተባለው ቋንቋ የአንድ ኦብጀክት መረጃ ከራሱ ተግባሮች በቀር በሌላ አይነካም፤ ሌላው ኦብጀክት መልእክት ልኮ ይጠይቃል እንጂ እጁን አያስገባም። ዴንማርካዊው ቢያርነ ስትሮስትሩፕ በ1979 የጀመረውና በኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው ቋንቋ ደግሞ በክላሱ ውስጥ «የሕዝብ» እና «የግል» የሚሉ ምልክቶችን አኖረ። የግል የተባለውን ሌላው የፕሮግራም ክፍል ቢነካ ቋንቋው ራሱ አይሆንም ብሎ ይመልሰዋል። በ1995 የወጣው ጃቫም ይህንኑ ተከተለ። የጃቫ ጸሐፊዎች ባሕርይን ሁሉ የግል አድርገው፥ ለእያንዳንዱ አንድ ሰጪና አንድ ተቀባይ ተግባር መጻፍን ልማድ አደረጉ። እነዚህ ሁሉ በየበሩ እልፍኝ አስከልካይ ያቆሙ ቋንቋዎች ናቸው።

የፓይተን ምርጫ

ፓይተንን የፈጠረው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሱም ነው። በ1989 በገና ዕረፍት ጊዜ በአምስተርዳም ጀምሮ፥ በፌብሩዋሪ 1991 የመጀመሪያውን ቅጂ ለሕዝብ አወጣ። ስሙን የወሰደው ከእባቡ ሳይሆን ሞንቲ ፓይተን ከሚባሉት የእንግሊዝ ቀልደኞች ነው። ቋንቋው ከመጀመሪያው ቅጂ ጀምሮ ክላስ ነበረው፤ ነገር ግን የግል የሚል ቍልፍ አልነበረውም። ኦብጀክቱ የያዘው ባሕርይ ሁሉ ለውጩ ክፍት ነበረ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በቋንቋው ውስጥ መግቢያን ለመወሰን «አክሰስ» የተባለ ቃል እስከ መያዝ ተደርሶ ነበር። ሆኖም አሳቡ ሳይጸና ቀረና ቃሉ ተወገደ። በእርሱ ፈንታ የጸናው ከቋንቋው ሕግ ይልቅ የጸሐፊዎቹ ልማድ ነው። ልማዱም ይህ ነው፤ የባሕርይው ስም በግርጌ ሰረዝ፥ ማለት አንደርስኮር በሚባለው ምልክት ከጀመረ፥ ይህ የቤቱ የውስጥ ጉዳይ ነውና ከውጭ አትንካው ማለት ነው። በ2001 ጊዶ ቫን ሮሱምና ባሪ ዋርሶ ያወጡት ፔፕ 8 የተባለው የአጻጻፍ መምሪያ ይህን ልማድ በጽሑፍ አጸናው።

ምልክቱን ያዩ ሰዎች «ማንን ይከለክላል?» ብለው ይጠይቃሉ። እውነት ነው፥ ማንንም አይከለክልም። የሚከለክለው ሰው ራሱን ነው። በአገራችን ይህን የሚመስል ነገር አለ። በገጠር ቀን ቀን የቤቱ በር ክፍት ሆኖ ይውላል፤ ቢሆንም ጨዋ ሰው ዘው ብሎ አይገባም። ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ «ይግቡ» ሲባል ይገባል። በሩ ሳይቈለፍ ቤቱ የተከበረው ሁሉም ሥርዓቱን ስለሚያውቅ ነው። የፓይተን ሰዎችም «ሁላችን አዋቂዎች ነን» የሚል አነጋገር አላቸው፤ ምልክቱን ያየ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል ማለታቸው ነው።

የልደት ቀን ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይገለጣል። ምሳሌውንም በራሳችን ፊደል ልንጽፈው እንችላለን። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል፤ በዲሴምበር 2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ የባሕርይና የክላስ ስሞች ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላት እንዲጻፉ ፈቅዷል። የቋንቋው የራሱ ቃላት በላቲን ቢቀሩም፥ እኛ የምናወጣቸው ስሞች በአማርኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

እንግዲህ «ቀን» የሚባል ክላስ ሠራን እንበል። ከእርሱም «ልደት» የሚባል ኦብጀክት እናወጣለን፤ ይህ የአንድ ተማሪ የልደት ቀን ነው። ዓመት፥ ወርና ዕለት የሚባሉ ሦስት ባሕርያት አሉት። የወሩን ቍጥር ለማወቅ «ልደት.ወር» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ለመለወጥም «ልደት.ወር = 13» ይባላል። በፓይተን ውስጥ አብሮ የሚመጣው የቀን መሣሪያ የሚያውቀው የአውሮፓን አቈጣጠር ብቻ ስለ ሆነ፥ ዐሥራ ሦስት ወር ለሚቈጥር ሕዝብ እንዲህ ያለ ክላስ መሥራት ጨዋታ አይደለም። የልደት ቀን በሁለት አቈጣጠር ሲጻፍ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት እንደሚመጣ ወላጆች ሁሉ ያውቁታል።

አሁን አንድ ሰው «ልደት.ወር = 13» ብሎ፥ ቀጥሎም «ልደት.ዕለት = 20» ብሎ ጻፈ። ጳጕሜን 20 የሚባል ቀን በዓለም የለም። ጳጕሜን 5 ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ትሆናለች። ባሕርያቱ ክፍት ስለ ሆኑ ግን ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ይቀበላል። ስሕተቱ የሚታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ፥ ዕድሜ ሲቈጠር ወይም የምስክር ወረቀት ሲታተም ነው። በዚያን ጊዜ ቍጥሩን ማን እንዳስገባው ለማግኘት ፕሮግራሙን ሁሉ መበርበር ይሆናል።

ስለዚህ የክላሱ ጸሐፊ ስሙን ለውጦ «ልደት._ዕለት» ያደርገዋል። አንዲት ሰረዝ ከፊቱ መጣች። ይህች ሰረዝ ለሌላው ጸሐፊ ሁለት ነገር ትነግረዋለች፤ አንደኛ፥ ይህን በቀጥታ ብትለውጥ የቀኑን ትክክለኛነት ታፈርሳለህ፤ ሁለተኛ፥ ይህ ስም ነገ ሊለወጥ ወይም ሊጠፋ ይችላልና ሥራህን በእርሱ ላይ አታቁም። ሁለተኛው ከአንደኛው ይልቅ ይከብዳል። ሰረዝ የሌለው ስም የክላሱ ጸሐፊ ለሌሎች የሰጠው ቃል ነው፤ ሰረዝ ያለው ግን ቃል ያልተገባበት ነው።

ሁለት ሰረዝና የአባት ስም

አንዳንዶች ሁለት ሰረዝ ከፊቱ ያለው ስም ፍጹም የተቈለፈ ይመስላቸዋል። ይህ ግን ልክ አይደለም። በ1996 በፓይተን 1.4 የገባው ይህ ሥርዓት የተደረገበት ምክንያት ሌላ ነው።

በአንድ ክፍል ውስጥ አበበ የሚባሉ ሁለት ልጆች ቢኖሩ መምህሩ የሚለዩአቸው በአባታቸው ስም ነው። ፓይተንም እንዲሁ ያደርጋል። በክላሱ ውስጥ «__ስም» ተብሎ በሁለት ሰረዝ የተጻፈውን ባሕርይ በስውር የክላሱን ስም ይጨምርበታል። ክላሱ «ቀን» ከሆነ እውነተኛ ስሙ «_ቀን__ስም» ይሆናል። እኛ የአባትን ስም ከኋላ ስናደርግ ፓይተን የክላሱን ስም ከፊት ያደርጋል እንጂ አሳቡ አንድ ነው። ከ«ቀን» የሚወለድ «በዓል» የሚባል ሌላ ክላስ ብንሠራና እርሱም የራሱ «__ስም» ቢኖረው፥ የእርሱ «_በዓል__ስም» ይባላል። ስለዚህ የወላጁና የልጁ ባሕርያት በአንድ ኦብጀክት ውስጥ ሳይጋጩ ይኖራሉ።

ከውጭ ሆኖ «ልደት.__ስም» ብሎ የጠየቀ ሰው እንዲህ ያለ ባሕርይ የለም የሚል መልስ ያገኛል። ሙሉ ስሙን ጠርቶ «ልደት._ቀን__ስም» ያለ ግን ያገኘዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሰረዝ ሌባ አይከለክልም፤ ሳያውቅ የሚሳሳተውን ግን ያድናል። ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት ሰረዝ ያላቸው ስሞች ደግሞ የቋንቋው የራሱ ናቸውና ጸሐፊ ከልቡ እያወጣ ሊፈጥራቸው አይገባም።

ፕሮፐርቲ፥ የፓይተን ባልደራባ

ፓይተን በልማድ ብቻ ቢቀር ኖሮ የጳጕሜን 20 ችግር ባልተፈታ ነበር። ምልክት ያስጠነቅቃል እንጂ አይመረምርም። መርማሪው የመጣው በዲሴምበር 2001 በወጣው በፓይተን 2.2 ነው። ስሙም ፕሮፐርቲ ይባላል።

ፕሮፐርቲ ከውጭ ሲታይ ተራ ባሕርይ ይመስላል። ሰው እንደ ቀድሞው «ልደት.ዕለት = 20» ብሎ ይጽፋል። ፓይተን ግን ቍጥሩን ወደ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ክላሱን ይመለከታል፤ «ዕለት» ላይ ፕሮፐርቲ እንደ ቆመ ባየ ጊዜ ቍጥሩን ለዚያ ተግባር ይሰጠዋል። ተግባሩ ወሩ 13 መሆኑን አይቶ፥ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ መሆን አለመሆኑን መርምሮ፥ ቍጥሩ ከ5 ወይም ከ6 የሚበልጥ እንደ ሆነ ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ልክ ከሆነ ብቻ በ«_ዕለት» ውስጥ ያኖረዋል። በጽሕፈቱ አንዳች ነገር ሳይለወጥ በበሩ ላይ ባልደራባ ቆመ ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ጥቅምም አለው። የክላሱ ጸሐፊ አንድ ቀን ወርና ዕለት ለየብቻ ማስቀመጡን ትቶ፥ ከመስከረም 1 ጀምሮ ያለፉትን ቀናት ብቻ በአንድ ቍጥር መያዝ ፈለገ እንበል። በእኛ አቈጣጠር ዐሥራ ሁለቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለ ሆኑ ሒሳቡ ቀላል ነው። ያለፉት ቀናት 130 ቢሆኑ ለ30 እናካፍላለን፤ 4 ይደርስና 10 ይተርፋል። ሁለቱንም በአንድ አንድ ብንጨምር አምስተኛው ወር፥ ዐሥራ አንደኛው ዕለት ይመጣል፤ ጥር 11፥ የጥምቀት በዓል ነው። እንግዲህ «ልደት.ወር» ሲባል ፕሮፐርቲው ይህን ሒሳብ ሠርቶ መልሱን ይሰጣል። ውስጡ ሙሉ በሙሉ ተለውጦ ሳለ በውጭ ያሉት መቶ ፕሮግራሞች አንዲት ፊደል አይለውጡም። ንጉሡ ከአንኮበር ወደ አንጎለላ ተዛወሩ፤ ባለጉዳዩ ግን በባልደራባው በኩል ጉዳዩን ቀጠለ።

የፓይተን ጸሐፊዎች እንደ ጃቫ ሰዎች ለእያንዳንዱ ባሕርይ አስቀድመው ሰጪና ተቀባይ የማይጽፉት በዚህ ምክንያት ነው። የሚጠበቅ ነገር ከሌለ በሩ ክፍት ይሁን ይላሉ፤ የሚጠበቅ ነገር በመጣ ጊዜ ባልደራባው ይቆማል፥ እንግዳውም መንገዱን አይለውጥም። ይህ ግን ዋጋ የሚኖረው የውጭ ሰዎች ሰረዝ ያለውን ስም ካልነኩ ነው። በቀጥታ «_ዕለት»ን ይጠቀሙ የነበሩ ካሉ፥ ስሙ በተለወጠ ቀን ፕሮግራማቸው ይሰበራል፤ የሚወቅሱትም ሰው የላቸውም።

ምልክት የማይችለው ነገር

የፓይተንን መንገድ የሚነቅፉ ሰዎች አሳባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሠራተኛው በበዛበት ሥራ ሁሉ ጨዋ ይሆናል ብሎ መታመን ያስቸግራል ይላሉ። ሥራው በቸኰለ ጊዜ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል፤ አንዱ ሰረዙን አልፎ ሲገባ ሌላውም ይከተለዋል፤ ጥቂት ቈይቶ የውስጥ የተባለው ነገር የመንገድ ነገር ይሆናል። ለዚህ የተገኘው መድኀኒት እርስ በርስ መተያየት ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነበው ወደ ሥራ አይገባም፤ እንደ ፓይሊንት ያሉ መርማሪ ፕሮግራሞችም ሰረዝ ያለው ስም ከውጭ በተነካ ጊዜ ያስጠነቅቃሉ።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። የግርጌ ሰረዝ ከሌባ አያድንም። የምስጢር ቃልን ወይም የባንክ ሒሳብን በሰረዝ ብቻ ሸሽጌአለሁ የሚል ጸሐፊ ራሱን ያታልላል። የሲ ፕላስ ፕላስና የጃቫ «የግል» እንኳ የተሠራው በመጀመሪያ ሳያውቅ ለሚሳሳት ሰው ነው እንጂ ለክፉ አሳቢ አይደለም። ከክፉ አሳቢ የሚያድነው ሌላ ነው፤ መረጃውን በምስጢር ጽሕፈት መለወጥ፥ የመግቢያ ፈቃድን ለይቶ መስጠት፥ ማን መቼ እንደ ገባ በመዝገብ መያዝ። በአንኮበር በር ላይ ዘበኛ የቆመው «ቤቶች!» ብሎ መጣራት ለክፉ ሰው ስለማይበቃ ነው። ሁለቱ ሥራዎች ሳይምታቱ በየቦታቸው ቢኖሩ ግን አንዱ ሌላውን ያግዘዋል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው መከለል ማለት የተቈለፈ ሣጥን ማለት ብቻ እንዳልሆነ ነው። መከለል አስቀድሞ የሚጽፍ ሰው በኋላ ለሚመጣ ሰው የሚሰጠው ቃል ነው። «በዚህ በር ብትመጣ ሁልጊዜ ታገኘኛለህ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የእኔ ኀላፊነት ነው» ይለዋል። አንዳንድ ቋንቋዎች ይህን ቃል በቍልፍ ያስከብራሉ። ፓይተን ግን በምልክት ያሳውቃል፥ ባስፈለገም ጊዜ በፕሮፐርቲ ይመረምራል፤ የቀረውን ለጸሐፊው ሕሊና ይተዋል። ስለዚህ ከላይ ላነሣነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ምልክቱን የሚያከብር ማኅበር ባለበት ስፍራ የፓይተን መንገድ ጥበብ ነው፤ ምልክቱ በተናቀበት ስፍራ ግን ሞኝነት ይሆናል። ቋንቋው ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ለእኛ ትቶታል።

እንግዲህ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ከመካከላችን ብዙዎቻችን ወደ ኮምፒውተር ሥራ እንገባ ይሆናል። በ2007 ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ለሰሜን ሸዋ ልጆች ይህን ትምህርት ከደጃቸው አቅርቦላቸዋል። ነገ የምንጽፈው ፕሮግራም የአንድ ገበሬ የመሬት መዝገብ ወይም የአንዲት ሕፃን የክትባት ካርድ ይይዝ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በጓደኛችን ሥራ ውስጥ ሰረዝ ያለበት ስም ብናገኝ፥ ማንም ባያየንም ከደጅ ቆመን እንጣራ። በራሳችንም ሥራ ላይ በሩን አጥርተን እናሳይ፤ የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ ያልተነገረው እንግዳ ቢሳሳት ጥፋቱ የባለቤቱ ነውና።

መምህሮቻችን ሥርዓትን ያስተማሩን ዘበኛ በቆመበት ቦታ ብቻ እንድንጠብቀው አይደለም። ወላጆቻችንም ክፍት በር አይተን ዘው እንዳንል አድርገው አሳድገውናል። ይህን ትምህርት ይዘን ወደ አዲሱ ሥራ ብንገባ፥ በኮምፒውተር የሚጻፈው የአገራችን መዝገብ የታመነ ይሆናል።